«ገጽ ጥቀስ!»

እንዴት ሰነበታችሁ ወዳጆቼ? «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንዳላችሁኝ ቆጥሬ ወደ ወጌ ልግባ። ሳትሰማን እንዴት ቆጠርከው አትበሉኝ። ሌላ መልስ ሰጥታችሁኝ አታውቁማ! እኔም ብሆን ሰጥቻችሁ አላውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ኮሮና ቤት የከተተን ሰሞን፣ ባለቤቴ «ወይ አቃጥለው፣ ወይ ለባለሱቁ ስጠው፤ ቆሎ ይጠቅልልበት» እያለች ስትጨቀጭቀኝ የኖረችውን ካርቶን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ውስጡ ያለው የመምህርነት ዘመኔ ትርፍራፊ ነው። የፈተና ወረቀት፣ የስም ዝርዝር፣ ተማሪዎች ተመልሰው ያልወሰዱት አሳይመንት። ብዙ ዓመት የለፋሁበት ነገር ተጠቃሎ አንድ የማካሮኒ ካርቶን አለመሙላቱን ሳይ ትንሽ ሆዴ ባሰኝ። ግን እሱን አይደለም ላወጋችሁ የፈለግሁት።

ከመሀሉ አምስት ገጽ የሆነች፣ በእጅ የተጻፈች ወረቀት አገኘሁ። 1995 ዓ.ም. ይላል። ጥያቄው የኔው ነው፤ በየዓመቱ አቧራውን እያራገፍኩ የምሰጠው። «በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ በዛብህ የሥርዓቱ ሰለባ መሆኑን ከመጽሐፉ ማስረጃ በመጥቀስ አብራራ።» ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ክፍል ውስጥ የነገርኩትን መልሶ ነግሮኛል። ርስት፣ ጉልት፣ የዘር ኩራት፣ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት። በቀይ እስክሪብቶ «ጥሩ ነው» ብዬበታለሁ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ድምፁ ይለወጣል። እንዲህ ይላል፦ «በዛብህ ከሰው ጋር ሲሆን ይስቃል። የሚስቀው ሰው እንዳይጠይቀው ነው። ሌሊት ብርድ ልብሱን ነክሶ ያለቅሳል፤ ከጎኑ የተኙት ልጆች እንዳይሰሙት። እናቱ ለእሱ ስትል የተሳለችውን ሲያስብ፣ ደህና አይደለሁም ብሎ ለመናገር ያፍራል።»

ከዚህ ጎን፣ በቀይ፣ በኔ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት ምን ይላል መሰላችሁ? «ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ገጽ ጥቀስ!» መጨረሻው ላይ ደግሞ፦ «ከርዕሱ ወጥተሃል። 11 ከ20።»

እውነት ለመናገር ልክ ነበርኩ። የማደሪያ ክፍል፣ ብርድ ልብስ የነከሰ ልጅ፣ ከጎኑ የተኙ ጓደኞች መጽሐፉ ውስጥ የሉም። ለዚህ ገጽ የሚጠቅስ ተማሪ አይገኝም። ገጹ የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ሊቅ መሆን አያሻም ነበር። ወንበሩን ከጥግ በኩል የሚመርጠው፣ ስጠራው ፈገግ የሚለው፣ ከገጠር የመጣው ልጅ ራሱ ነበር ገጹ። በዚያው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ ወንበሩ ባዶ ሆነ። «ዊዝድሮዋል ሞልቶ ሄደ» አሉኝ። እኔም ከስም ዝርዝሩ ላይ አሰመርኩበትና ቀጠልኩ።

ዕድሜ ልኬን ለተማሪ ሰምና ወርቅ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። «ሰሙን አቅልጡት፣ ወርቁ ከሥር ነው» ስል የከረምኩ ሰው፣ ሰሙን አርሜ፣ ለሰሙ 11 ሰጥቼ፣ ወርቁን ሳላየው መለስኩለት። እሱንም ቢሆን መጥቶ አልወሰደውም።

*

ይኼን የማወራችሁ ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ለዚያማ የንስሐ አባት አለኝ። የማወራው ስሕተቱ የኔ የግሌ ብቻ መስሎ ስላልታየኝ ነው። የአነባበብ ስሕተት ነው። መጽሐፉን ያነበብንበት መንገድና ልጆቻችንን የምናነብበት መንገድ አንድ ሆኖ አገኘሁት።

እስቲ ከመጽሐፉ ልጀምር። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከስምንት ዓመት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ አብዮቱ ቢያረጅም ሒሱ ገና ጎረምሳ ነበር። ማንኛውም ልብ ወለድ የሚመዘነው «የትኛውን መደብ አጋለጠ?» ተብሎ ነው። በዛብህ ጭቁን፣ ፊታውራሪ መሸሻ ጨቋኝ፣ ጉዱ ካሣ የለውጥ ሐዋርያ። ተመደቡ፣ ተደለደሉ፣ ፈተና ላይ ወጡ። ይኼን የተማርን ሰዎች መምህር ሆንን። መንግሥት ተለወጠ፣ ሥርዓተ ትምህርት ተለወጠ፣ የፈተናው ጥያቄ ግን አልተለወጠም።

ይኼ አነባበብ ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም። ደራሲው ያንን ሥርዓት ሊያሳየን እንደፈለገ ጥርጥር የለውም። ግን መጽሐፉን ዛሬ እንደ አዲስ ገልጣችሁ አንብቡት። በዛብህ ሰለባ ከመሆኑ በፊት የተጨነቀ ወጣት ነው። ወላጆቹ፣ ቦጋለና ውድነሽ፣ ልጁ እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። እሱ ሳይጠየቅ፣ አፉን ሳይፈታ፣ ሕይወቱ ቃል ተገባበት። ከዚያ ያድጋል፤ ይማራል፤ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ትልቅ ቤት ይገባል፤ ይወዳል። ከውጭ የሚያስፈራው ፊታውራሪው ነው። ከውስጥ የሚያስፈራው ግን ስለቱ ነው። አንዱን ሮጦ ሊያመልጠው ይችላል፤ አዲስ አበባ ድረስም ሄዷል። ሌላውን ግን ይዞት ነው የሚሄደው።

ስለ ፊታውራሪው ብዙ ገጽ አስጽፌያለሁ። ስለ ስለቱ አንድ ጥያቄ እንኳ አውጥቼ አላውቅም።

አሁን ጉዱ ካሣን እንይ። እኛ የለውጥ ሐዋርያ ያልነው ሰው፣ ጎረቤቶቹ ያወጡለት ስም «ጉዱ» ነው። ለምን? በሆዱ ያለውን በአፉ ስለሚናገር። በዚያ አገር የሆዱን የሚናገር ሰው አንድ እሱ ነበር፤ እሱም እብድ ተባለ። በዛብህ ምሥጢሩን የሚያካፍለው ወዳጅ ሲፈልግ ያገኘው ይኼንኑ ሰው ነው። እስቲ አስቡት! ጤነኛ የተባለው ሁሉ የማይሰማበት፣ የሚሰማው ሰው ደግሞ እብድ የተባለበት መንደር። ሐዲስ ዓለማየሁ ይኼን ጽፎ አስቀምጦልን ነበር። እኛ ግን ከመንደሩ ውስጥ መሬቱን ብቻ ለካን።

በዓሉ ግርማም ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ «ከአድማስ ባሻገር»ን አወጣ። አበራ ወርቁ የተማረ ነው፤ የመንግሥት ሥራ አለው፤ ቤት አለው። ምን ጎደለው ትላላችሁ? ወንድሙም የሚለው ይኼንኑ ነው። ልቡ ያለው ሥዕል ላይ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ አግባ፣ ቁም ነገር ያዝ፣ ወግ ማዕረግ አሳየን ይለዋል። እኛ ይኼን «የምሁሩ ቀውስ» የሚል ርዕስ ሰጥተን አስተማርነው። ትልቅ ቃል ነው፣ «ቀውስ»፤ ግን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። ከሥሩ ያለው ተራ ነገር ነው። አንድ ወጣት «ሁሉ ነገር አለህ» እየተባለ ለምን እንደሚከፋው ለማንም መንገር አቅቶታል። ቢናገር «ጠገብክ» ይባላል። በዚያው ዓመት የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ም ታትሟል። የመጽሐፉ ወጣት ይናገራል፣ ያለማቋረጥ ይናገራል። እኛም «ያልበሰለ ምሁር» ብለን ዘጋነው። ዝም ያለውን አልጠየቅነው፣ የተናገረውን አልሰማነው። ታዲያ ምን አድርጎ ይድረሰን?

*

«መጽሐፉን ተውና ስለ ሰው አውራ» እንዳትሉኝ፣ ከመጽሐፉ ወደ እኅቴ ቤት ልውሰዳችሁ።

ጥር 2015 ዓ.ም. ነው። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጣ። ታስታውሱታላችሁ፤ ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው የተፈተኑት የመጀመሪያው ፈተና ነበር። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህሉ ናቸው። 3.3 በመቶ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ።

ያን ሰሞን ያልተናገረ ሰው አልነበረም። ስለ ትምህርት ጥራት ተወራ፤ ስለ ኩረጃ ተወራ፤ ስለ መምህራን፣ ስለ ፖሊሲ፣ ስለ ትውልዱ ውድቀት ተወራ። እኔም ተናግሬያለሁ፤ መናገር የሙያዬ በሽታ ነው። ሁሉም ልክ ነበር፤ ሥርዓቱ መመርመር ነበረበት። ግን እያንዳንዱ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ የተኛ አንድ ልጅ ነበር። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ አብረውት ወድቀው፣ እሱ ብቻውን የወደቀ የመሰለው። አገር ሙሉ የሆነ ነገር እንዴት የአንድ ሰው ገመና ይሆናል? ሆነ። የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራ፦ «ስንት አመጣህ?»

እኅቴ ስልክ ደወለች። «ኧረ እባክህ ናልኝ፣ ልጁ በር ዘግቶ ሁለት ቀኑ። እህል አልቀመሰም። አንተን ይሰማሃል።» ሄድኩ። መንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጀሁ። ኤዲሰን ስንት ጊዜ ሞክሮ አምፖል እንደሠራ፣ ሕይወት በአንድ ፈተና እንደማትቆም፣ ወድቆ መነሣት የወንድ ልጅ ወግ እንደሆነ። በሩን አንኳኳሁ፤ ከፈተልኝ። ፊቱን ታጥቦ ነበር።

«እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ ጋሼ።» ፈገግ አለ።

ያቺን ፈገግታ የት እንደማውቃት ታውቃላችሁ። በሃያ ዓመት ልዩነት ያው ፈገግታ ነው። ካርቶኑን ከከፈትኩ ሦስተኛ ዓመቴ ባይሆን ኖሮ «ጎሽ! ደህና ከሆንክማ ና ምሳ ብላ» ብዬው ንግግሬን አድርጌ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ እመለስ ነበር። እኅቴም «ምን አለህ?» ስትለኝ «ደህና ነው፣ አነጋግሬዋለሁ» እላት ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ደህና አይደለህም መሰለኝ» አልኩት። «እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ደህና አልሆንም።» ከዚያ ዝም አልኩ። ወዳጆቼ፣ ለመምህር ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ኤዲሰን ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር። ምናልባት ሩብ ሰዓት ሆኖናል።

«ጋሼ፣ ፈተናው አይደለም» አለኝ በመጨረሻ። «የእማዬ ሀብል ነው።» ሀብሉን አላወቅሁም ነበር። እናቱ ለማጠናከሪያ ትምህርት ብላ የሠርጓን ሀብል ሸጣለች። እሱ እንዳያውቅ ደብቃዋለች፤ እሱ ማወቁን ደብቋታል። እሷ «እንዳይጨነቅ» ብላ፣ እሱ «እንዳታዝን» ብሎ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሰው ዓመት ሙሉ አንድ ሀብል ሲደባበቅ ከረመ። በዛብህና ስለቱን ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ መጽሐፉን ሳልገልጥ።

ልጁ በኋላ ሪሜዲያል ገብቶ አለፈ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ልላችሁ አልፈልግም። ከፊቱ መውጫ ፈተና አለ። ከሱ ኋላ ሥራ ፍለጋ አለ። እኛ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን የሥራ ማስታወቂያ እንደምናነበው፣ እነሱ በቴሌግራም ያነብባሉ። «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የምትለዋ መሥመር ግን ከጋዜጣው ወደ ቴሌግራሙ ሳትለወጥ ተሻግራለች።

*

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። ነገር በሆድ ቢቀመጥ አይበላሽም ማለቱ ነው። ቋንቋችንን ብትመረምሩት ለመደበቅ የተሰናዳ ጓዳ ነው። ቻይ ሰው ይወደሳል። ሆደ ሰፊ ይመረቃል። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ ሆድም ይፈጀዋል። «ወንድ ልጅ የሚያለቅሰው በሆዱ ነው» እንላለን። ሴቷን ደግሞ «ገመናሽን ሸፍኚ» እንላታለን። ቤይሩትና ሪያድ ያለችው ልጅ ለእናቷ ስትደውል መጀመሪያ የምትለው «ደህና ነኝ እማዬ» ነው። ምን ውላ እንዳደረች የምታውቀው እሷና ፈጣሪዋ ናቸው።

ግን ፍርደ ገምድል አልሁን። ይኸው ቋንቋ ሌላም ነገር አለው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውም የኛው ነው። ልቅሶ ቤት ስንሄድ ሐዘንተኛውን አልቅሶ እንዲወጣለት እንረዳዋለን፤ «እንባውን ያውጣው፣ አትከልክሉት» የሚሉ እናቶች አሉን። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሦስተኛው እስኪጠጣ የስንቱ ሆድ ሲተነፍስ ኖሯል። ችግሩ ይኼ ሁሉ የተሠራው ለሞተ ሰው፣ ለታመመ ሰው፣ ለተጣላ ባልና ሚስት መሆኑ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ሳይሞትበት፣ ሳያመው፣ ሳይጣላ የከፋው ልጅ የት ይቀመጥ? እድር ድንኳን የሚጥልለት ከሞተ በኋላ ነው። ቡናው ላይ ቢቀመጥ «አንተ ልጅ፣ ሥራ አገኘህ?» ይባላል።

ታዲያ ልጆቹ የት ሄዱ? ወደ መጽሐፍ ሄዱ፤ ወደ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ። መገናኛም ሆነ ፒያሳ የመጽሐፍ አዟሪዎችን ብታዩ፣ ከፊት ለፊት የተደረደረው ስለ ስኬት፣ ስለ በራስ መተማመን፣ በዚህን ያህል ቀን ሕይወትን ስለ መለወጥ የሚያወራ መጽሐፍ ነው። አነቃቂ ንግግር የሚባለውም አዳራሽ ይሞላል። የኔ ዘመን መምህራን ይኼን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይነፋሉ፤ እኔም ነፍቼ ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እነዚህ መጻሕፍት ልጁን «አንተ» ይሉታል። «አንተ የምታነበው ልጅ፣ እንደከፋህ አውቃለሁ» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ክፍል ውስጥ «ገጸ ባሕርዩ» ስንል፣ እነሱ «አንተ» አሉት። ታዲያ ወደማን ይሂድ?

ሒሴ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። «እንደከፋህ አውቃለሁ» ብለው ጀምረው፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ «የከፋህ ስላልጣርክ ነው» ይሉታል። መከፋቱን ወደ ጥፋት ይለውጡበታል። ማለዳ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሣ፣ ዓላማህን ጻፍ፣ አሉታዊ ሰዎችን አርቅ። ልጁ ተነሥቶ፣ ጽፎ፣ አርቆ ቀኑ ካልተለወጠ፣ አሁን ሁለት ሸክም አለው። አንደኛው የድሮው ነው፤ ሁለተኛው «በዚህም ወደቅሁ» የሚለው። የድሮዎቹ ልብ ወለዶች ይኼን አያደርጉም። በዛብህ ስለደከመ ነው የተሸነፈው አይሉንም። ሰው ጥሮም፣ ወድዶም፣ ታማኝ ሆኖም ሊሸነፍ እንደሚችል፣ ያ ደግሞ ውርደት እንዳልሆነ ያሳያሉ። ሃያ ዓመት ለሆነው ልጅ ይኼ ትንሽ ስጦታ አይደለም። እኛ ግን ስጦታውን ጠቅልለን «የሥርዓቱ ሰለባ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈንበት ሰጠነው፤ ሳይከፍተው ቀረ።

ደግሞ «ልብህን ክፈት» ማለት ብቻውን ዳቦ አይሆንም። የዛሬ ወጣት ጭንቀት የልብ ብቻ ሳይሆን የኪስም ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዶላሩን አይቶት የማያውቀው ደመወዝተኛ ሁሉ ዘይትና ኪራይ ላይ አግኝቶታል። ሦስት ሆነው አንድ የኮንዶሚኒየም ክፍል ተከራይተው፣ ከደመወዛቸው ቀንሰው ለታናናሾቻቸው የሚልኩ ልጆች አውቃለሁ። ለእነሱ ምክር ከመስጠት በፊት ማፈር ይገባል። ስለዚህ ሥርዓቱን መጠየቅ አይቅር። እኔ የምለው፣ ሥርዓቱን ስንጠይቅ ልጁንም እንጠይቀው ነው።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከመጠየቅ ያልፋል፤ ሕመም ይሆናል። ሳምንታት የማይለቅ ድብርት፣ የጠፋ እንቅልፍ፣ የጠፋ የምግብ ፍላጎት፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ስንፍናም ጥጋብም አይደለም። ሐኪም አለው፤ መድኃኒትም አለው። ችግሩ እኛ የሐኪም ቤቱን ስም ስድብ አድርገነዋል። አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የዚህን አገር የአእምሮ ሕሙማን ሲያስታምም የኖረ ቤት ነው። እኛ ግን ስሙን ለመሳደቢያ ቀጠርነው፦ «ይኼስ አማኑኤል ነው የሚገባው!» ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጸበል የሚሄደውም ይሂድ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ግን ልጁ በራፉ ላይ ደርሶ «ሰው ቢያየኝስ?» ብሎ የሚመለሰው፣ «ጉዱ» የሚል ስም እንዳናወጣለት ፈርቶ ነው። ስሙን የምናወጣው ደግሞ እኛ ነን።

*

እንግዲህ የዛሬው ወጌ መቋጫ ይኸው ነው። ለአስተማሪ ወዳጆቼ፦ ፍቅር እስከ መቃብርን አስተምሩት፤ ስለ ርስትና ጉልቱም አስተምሩ። ግን አንዲት ጥያቄ ጨምሩልኝ፤ ነጥብ የማይሰጥባት ትሁን። «በዛብህ ማንን ፈራ? ለማን ሊናገር ይችል ነበር?» በሉ። ከዚያ መልሱን ስታርሙ ቀዩን እስክሪብቶ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከርዕሱ የወጣ ተማሪ ሲያጋጥማችሁ፣ ወዴት እንደወጣ ተከትላችሁ እዩ። ክፍል ውስጥ ስልሳ ተማሪ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጊዜ እንደሌላችሁም አውቃለሁ። እኔም አልነበረኝም። አምስት ገጽ አንብቤ «ገጽ ጥቀስ» ለማለት ግን ጊዜ አግኝቻለሁ።

ለወላጅ ወዳጆቼ ደግሞ፦ «እንዴት ነህ?»ን ሁለት ጊዜ ጠይቁ። የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፤ መልሱም ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ነው ጥያቄው። ሁለተኛውን ከጠየቃችሁ በኋላ ኤዲሰንን አትጥሩት፤ ዝም በሉ። የሚመጣው መልስ ደስ የሚል ላይሆን ይችላል። ስለ እናንተ ስለት፣ ስለ እናንተ ሀብል ሊሆን ይችላል። እሱንም ቻሉት። ቻይነት ጥሩ ነው ካልን፣ እስቲ አንዳንዴ እኛ እንቻል።

ወረቀቷን አላቃጠልኳትም፤ ቆሎም አልተጠቀለለባትም። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ናት። ቀዩን ለመሰረዝ አስቤ ነበር። ከዚያ ተውኩት፤ የጻፍኩትን ጽፌያለሁ። ከሥሩ ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ አንዲት መሥመር ጨመርኩ። ባለቤቱ እንደማያነባት አውቃለሁ። ምናልባት በእሱ ዕድሜ ያለ ሌላ ልጅ፣ ወይም የእሱን ዓይነት ወረቀት ነገ የሚያርም አንድ መምህር ያነባት ይሆናል ብዬ እዚህ ልጻፋት፦

«ገጹን አሁን አገኘሁት። ይቅርታ አድርግልኝ። እንዴት ነህ?»

ቸር እንሰንብት!